በማን ክንድ

በሐምሌ ሙቀት አውቶቡስ ጥበቃው ሲረዝም ሰው ያገኘው ሱቅ ይገባል። እኔም ከዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ሥራ ጨርሼ ሻርጃ አል ተዓውን እንደደረስኩ፣ ለማልገዛው ምንጣፍ በር ከፍቼ ገባሁ። ቅዝቃዜው ፊቴን ሲያገኘው ተመስገን አልኩና ከጥቅሎቹ ኋላ ቆምኩ።

አንዲት ማዳም ወለሉ ላይ የተዘረጋ ቀይ ምንጣፍ ትዞራለች። አብራት የመጣች ያገራችን ልጅ የማዳሟን ሕፃን ታቅፋ፣ አንዴ በቀኝ እግሯ፣ አንዴ በግራዋ ትቆማለች። ሻጯ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ልጅቱን አየት አደረገችና በዐረብኛ፣ "ማዳም፣ ምንጣፍ ሰው ካልተቀመጠበት አይታወቅም። ልጅቱ ትቀመጥበትና እዪው" አለች።

ማዳሟ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች ተቀመጠች። ሻጯ አልቸኮለችም። "እስቲ እግርሽን ዘርጊ። ወደ መስኮቱም ዙሪ፣ ቀለሙ ይታይ" ትላታለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ያስተካከለች መስላ በአማርኛ፣ "ዐረፍ በይ እኅቴ፤ እኔ ወሬውን አረዝመዋለሁ" አለቻት።

ማዳሟ ሳትገዛ ወጣች። ልጅቱ ግን ዐርፋ ሄደች።

"አየሁሽ" አልኳት ከጥቅሎቹ ኋላ ወጣ ብዬ።

"ምን ስሠራ?"

"ልጅቱን ስታሳርፊ።"

"እኔ እኮ የምሸጥ ነው የመሰለኝ" ብላ ሳቀች። "አሁን ላንቺ ምን ልሽጥልሽ? ቤድ ስፔስ ነው አይደል የምትኖሪው፣ አልጋ ብቻ ተከራይተሽ? አልጋሽ ሥር የምትገባ ትንሽዬ አለችኝ።"

ትንሽዬዋን ገዛሁ። ትብለጥን ያወቅኋት እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በዘገየ ቁጥር ሱቁ ገብቼ አወራታለሁ፤ ባይዘገይም እገባለሁ።

ከመንዝ የመጣችው በኤጀንሲ፣ ለቤት ሥራ ነው። ዓጅማን ያለች ማዳሟ ምንጣፍ ትወድ ነበርና የትብለጥ ሥራ ጣሪያ ላይ አውጥታ ማራገፍና ማጠብ ሆነ። ኮንትራቷ ሲያልቅ ሌላ ቤት አልፈለገችም። ማዳሟ ምንጣፍ ወደምትገዛበት ሱቅ ሄዳ ባለቤቱን ሥራ ጠየቀችው። ኢስሃቅ የሚባል አፍጋናዊ ሽማግሌ ነው።

"ምን ትችያለሽ?" አላት።

"የሚለቅና የማይለቅ ቀለም እለያለሁ። አጥቤያቸዋለሁ።"

ሻይ በማፍላትና ጥቅል በመዘርጋት ጀመረች። መጀመሪያ የሸጠችው ለአንድ ሙሽራ ነበር። ትልቁን፣ ውዱን ምንጣፍ አሳምራ ሸጠችለትና ማታ በደስታ ለጌታ ጸለየች። በማግሥቱ ሙሽራው ምንጣፉን መልሶ ወለሉ ላይ ጣለው። ግድግዳው ላይ ወጥቶ በሩን አላስከፍት ብሎት ኖሯል። እንደምትባረር ጠበቀች። ኢስሃቅ ግን ሙሽራውን ካሰናበተ በኋላ፣ "ሰው የራሱን ቤት አያውቀውም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስለ ቤቱ ጠይቂ" ብቻ አላት።

ሙያዋ ከዚያ ቃል ወጣ። ደንበኛ ሲገባ "ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?" አትልም፤ "ምንጣፉ የሚነጠፈው የት ነው? ማን ይቀመጥበታል?" ነው የምትለው። ልኩን የማያውቀውን ሜትር አውሳ ወደ ቤቱ ትመልሰዋለች። መጀመሪያ ሌሎቹ ሻጮች ሳቁባት፤ የገባ ደንበኛ እንዴት ይመለሳል? ግን የተመለሰው ሰው ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ ሲመጣም እሷን በስሟ ይጠራል። ዛሬ የሽያጩ ኃላፊ እሷ ናት። ጥቅል የሚሸከመው ናኦድ፣ "እንኳን ምንጣፍ፣ ሚስት ላግባ ብላት 'መጀመሪያ ቤትህን ለካ' ትለኛለች" እያለ ያበሽቃታል።

"ዋላሂ፣ ያንተን ቤትስ ሳልለካም አውቀዋለሁ" ትለዋለች። "አልጋ ብቻ ነው።"

እንዲህ ስትሥቅ ያያት ሰው የጎደላት ነገር ያለ አይመስለውም።

እናቷ እማማ ጣይቱ ስለት አለባቸው። ትብለጥ ወደዚህ ስትመጣ፣ "ልጄ ሠርታ ካለፈላት ለሴቶቹ መቆሚያ ምንጣፍ አስገባለሁ" ብለው ለአጥቢያቸው ማርያም ተስለዋል። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ወለል ድንጋይ ነው፤ አሮጊቶቹ ቅዳሴውን በባዶ እግር ይቆሙበታል። ልጃቸው ምንጣፍ ሻጭ ሆነች። ስለቱ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ኢስሃቅ ፈቃድ የሚሰጠው ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዚህ ሙቀት ነው። እዚህ ሰው ከሙቀቱ ሲሸሽ እነሱ አገር ክረምት ነው፤ መንገዱን ጭቃ ይዘጋዋል። በጋው ሲመጣ ደግሞ እዚህ ገበያው ይደምቃል።

ዘንድሮ ግን ለጥቅምት ፈቀደላት። ይህን ስትነግረኝ ዐይኗ ሞላ። ምንጣፉን መርጣለች፤ ሱቁ ጥግ ቆሟል፣ አረንጓዴ ጥቅል። በልኩ ተቆርጦ ዳሩ መሰፋት አለበት። አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም።

"ታዲያ አስቆርጪዋ" አልኳት።

"ልኩን አላውቀውም።"

እናቷን በስልክ ጠይቃቸው ነበር። እግራቸው ሳይያዝ በፊት ተንበርክከው በእጃቸው ለክተውታል። "ርዝመቱ ዐሥራ ስምንት ክንድ፣ ወርዱ ዘጠኝ" አሏት።

"በማን ክንድ እማዬ?"

"በማን ይሆናል? በኔ ነዋ። ያሳደገሽ ክንድ ጠፋሽ?"

ትብለጥ ይህን እያወራችኝ የራሷን ክንድ ዘርግታ አየችው። "በኔ እንዳልለካው እኔ አባቴን ነው የመሰልኩት፤ ረጅም ነኝ። የሻርጃን ሳሎን ሁሉ ልክ በቃሌ ይዤ፣ እትዬ፣ የናቴን ክንድ ረሳሁት። ስታጎርሰኝ ትዝ ይለኛል፤ ሙቀቱ ትዝ ይለኛል። ርዝመቱ ግን እምቢ አለኝ።"

"ቄሱ ወለሉን በሜትር ይለኩልሻ።"

"ብዬ ነበር። ሰማችና አኮረፈችኝ። 'እኔ ተንበርክኬ የለካሁትን ሰው ሊከልሰው ነው?' አለች። ስለቱ የሷ ነው፤ ልኩም የሷ ይሁን። ምንጣፉን አነጥፈዋለሁ፤ እሷን ደግሞ ተሸክሜም ቢሆን አቆማታለሁ። ማርያም በሕይወት ታቆይልኝ እንጂ።"

"ታቆይልሻለች" አልኳት። አምኜ ነው ያልኩት።

ናኦድ ከኋላ ጥቅል ይጎትታል።

"ለፍልሰታ ደብረ ብርሃን እኅትሽ ጋ ነኝ ብለሽኛል አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እናቴ አሁን እዚያው ናት። እግሯ ከተያዘ ወንድሜ ጋሻው ቤቱ ወስዷታል።"

"ታዲያ ጋሻው አይለካትም?"

"ጋሻው ቁጥሩን ይልክልኛል። እኔ አይታት የምትመለስ ሰው ነው የምፈልገው።"

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። የሰውነቷ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር።

"ክንዷን ለክተሽ አምጪልኝ። ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ። ደግሞ እትዬ፣ ለክተሽ ስትጨርሺ እጇን ቶሎ እንዳትለቂው። ተሳሳትኩ በያትና እንደገና ለኪያት።"