ማንጎ የገባበት ጠበል

ነገሩ የሆነው ዓምና በሁዳዴ፣ ማንጎ ጎንደር በገባ ሰሞን ነው። ለሰው አውርቼው አላውቅም። ዘንድሮም ማንጎው ገባ፤ እኔ ግን ገዝቼ ቤቴ ማስገባት አቃተኝ። ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያዜሙበት ጉሮሮ ታመመና ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷቸው አሉን። ማራኪ ሰፈር ወደምንኖርባት የኪራይ ቤት አመጣኋቸው። ምግቡ ቀርቶ ውሃ እንኳ ትን ይላቸው ነበር። ጥጥ እየነከርሁ ከንፈራቸውን ከማራስ በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

እሳቸው የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በልጅነታቸው ዜማ የተማሩባት፣ በድብ ባሕር በኩል ያለች ደብር ጠበል። «እሱን አንዴ ከዋጥሁ ይበቃኛል» አሉኝ በሹክሹክታ። ወንድሜ በማግስቱ ማለዳ ሄደ።

እሱ በሄደበት ቀን ከልጄ ከሶልያና ጋር የማንጎ በረዶ ሠራን። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። በሽተኛ ባለበት ቤት ዝም በይ፣ አትሩጪ እየተባለች ሰንብታ አሳዘነችኝ። ማንጎውን ጨምቀን፣ ውሃ ጠብ አድርገን፣ በሲኒ ቀድተን ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው። ሊረጋ ሲል እየሮጠች ማንኪያ ተከለችበት። ከሰዓት በኋላ የራሷን ይዛ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ልብስ አጥብ ነበርና ምን እንደሚሠሩ ልብ አላልሁም።

ወንድሜ ሲመሽ ጠበሉን በትንሽ ፕላስቲክ ይዞ ደረሰ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥሁትና ጠዋት የንስሐ አባታቸውን ልጠራ ወጣሁ። ጸሎት ተደርጎ በባዶ ሆዳቸው እንዲቀምሱ ነበር ሐሳባችን።

እሳቸው ኋላ እመጣለሁ ብለውኝ ብቻዬን ስመለስ ፕላስቲኩ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ፍሪዘሩን ብከፍት ሁለት ሲኒ አገኘሁ። ሶልያና ከትናንት በተረፈው የማንጎ ጭማቂ ጠበሉን በጥብጣዋለች። ገና አልረጋም።

እኔ ሲፈጥረኝ ቁጡ ነኝ። ምኑንም ሳልጠይቅ ጥፊ አቀመስኋት። እጄን አንስቼባት አላውቅም ነበር። እሱም አልበቃኝ ብሎ «አያትሽን ገደልሻቸው!» አልኋት።

«እማዬ፣ አባባ እኮ በረዶ ይውጣል» ብላ ጀምራ ነበር። ዝም በይ አልኋት።

ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ሲኒዎቹን ይዤ ወጣሁና ግቢው ጥግ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር አፈሰስሁት። ማንጎ የገባበት ጠበል ምን ያደርጋል ብዬ።

ስገባ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ። የሆነውን ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «ምነው አፈሰስሽው?» አሉ። ከዚያ እያረፉ እያረፉ ነገሩኝ። ለካ ትናንት ልጅቱ በረዶዋን ከንፈራቸው ላይ ስታደርግላቸው እየሟሟ ወርዶላቸው ኖሯል፤ ትን አላላቸውም። «ጠበልህንም እንዲህ ላድርግልህ?» ብትላቸው እሺ ብለዋት፣ እስኪረጋ ይጠብቁ ነበር።

«ሸጋ አድርጋልኝ ነበርኮ» አሉኝ።

ሮጬ ወደ ዛፉ ሄድሁ። አፈሩ ጠጥቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። አባቴ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ ስለምን ራሴን ደባበሱኝ።

ወንድሜ ያንኑ ሰዓት ተመልሶ ወደ ድብ ባሕር ሄደ። እኔ እስከዚያ ተራ ውሃ አርግቼ በማንኪያ ሰጠኋቸው። ዋጡት። ማንጎም አርግቼ ሰጠኋቸው፤ እሱም ወረደላቸው። ሁሉም ወረደላቸው፤ የፈለጉት ግን እሱን አልነበረም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ። ወንድሜ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ያመጣው ጠበል አስከሬናቸው ታጠበበት።

ሶልያና ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው። በቀደም የጎረቤት ልጆች ማንጎ ጨምቀው በረዶ ሊሠሩ ጠሯት። በር ላይ ሆኜ ስሰማ «እኔ አልነካም፣ ሰው ይሞትብኛል» አለቻቸው።

ወደ ቤት አስገብቼ ፊቷ ተንበረከክሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ አባባ የወደዱትን ነው የሠራሽላቸው፣ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋት። ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ታዲያ አንቺን ማን መታሽ?» አለችኝ።

«ማንም» አልኋት።

አባቴ ይቅር ብለውኝ ነው የሄዱት። የልጄን ይቅርታ ግን እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁበትም።