ሁለቴ የማለው ዳይሬክተር
ጥር ወር፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ድሬ ዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ያሉ ሱቆች በደቂቃዎች ውስጥ ተዘጉ። ረብሻ አልነበረም፤ የፊልም ቀረጻ ነበር። በዜና ሥራ ብዙ አይቻለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው በጎረቤቴ በዘይነባ ምክንያት ነው።

ዘይነባ ታይዋን ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። እሷ ጋ ለልጄ ካልሲ እየመረጥኩ ሳለ ከገበያው ጀርባ ጥቁር ጭስ ወጣ። ድሬ ላይ አንዱ ነጋዴ መዝጊያውን ካወረደ ጎረቤቱ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይዘጋል። ዘይነባ ካልሲውን ከእጄ ነጥቃ ወደ ውስጥ ወረወረችው።

«ሂክማ መድረሳ ናት!» ብላ ሮጠች። ልጇ የምትማርበት መድረሳ ያለው ጭሱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ተከተልኳት።

መንገዱ ላይ ጎማ ይነዳል፤ ዱላ የያዙ ወጣቶች ይጮኻሉ። የመገናኛ ሬዲዮ የያዘ ሰው ከፊታችን ቆመ።

«አብሽሪ እናቴ፣ ፊልም ነው። በረብሻ ጊዜ ስላደገ ልጅና ስለ ቤተሰቡ ነው።»

«ካሜራው የታለ?»

ሰውየው እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋብን። እኔም ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ፤ ካሜራ የለም።

«አቦ ዞር በል! እኔን ነው የምታታልለው?»

ገፍታው ልጇን እየተጣራች ሮጠች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ልብ አላለችውም።

ሂክማ ከጓደኞቿ ጋር የመድረሳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። እናቷን ስታይ ተናደደች።

«እማ፣ ዞር በይ! ካሜራ ውስጥ ገባሽ እኮ!»

«የቱ ካሜራ?»

ልጅቷ ዳር የቆመ ሚኒባስ አሳየችን። የአንዱ መስኮት መጋረጃ ገለጥ ብሏል።

ዘይነባ ልጇን አቀፈቻት፤ ወዲያው ደግሞ ቆነጠጠቻት። ከዚያ እጇ ወደ ራሷ ሄደ። ፀጉሯን ገልጣ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

«ጋዜጠኛው፣ ቀርጸውኛል?»

«እንጠይቃቸው» አልኳት።

ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። የቀረጻ ፈቃዱን አሳየኝ፤ ችግር የለበትም። ለነጋዴዎቹ ለምን አልነገራችሁም ስለው «ቀበሌው ይነግራቸዋል ብለን ነው» አለ። ካሜራውን ለምን ደበቃችሁ ስለው «ሰው እንዳይሰበሰብብን» አለ። መልሶቹ ያሳምናሉ። ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር የሚመልሰው።

«እሷንስ ቀርጻችኋታል?»

«ልምምድ ላይ ነበርን፣ ካሜራው አልበራም። ወላሂ!»

ዘይነባ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አየች።

«በእኛ አትማል። በራስህ ማል።»

«በማርያም አልቀረጽንሽም።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለውን ለማየት ጠየቅኩ። የካሜራ ባለሙያው ምሳ ወጥቷል፣ ቁልፉም እሱ ጋ ነው ተባልኩ። መጋረጃው አሁን ተዘግቷል። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ፊልሙ ሰኔ ላይ ከተማችን ውስጥ ታየ። ዘይነባ መሄድ አልፈለገችም።

«አንተ እይልኝ። ካለሁበት ንገረኝ፤ እንዳትደብቀኝ» አለችኝ።

ጥቂት እንደታየ ጎማ የሚነድበት መንገድ መጣ። አንዲት ሴት እየጮኸች ወደ እኛ ሮጠች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው፣ «ይቺን ተዋናይ ከየት አገኟት?» አለ።

ዘይነባ ነበረች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነው።