ሙንተሀ ያላወቀቻት ሴትዮ

ሙንተሀን የሚሰድባት ሰው የለም፤ ስድቡን ራሷ ትችለዋለች። ሩዝ ቢያርርባት "እኔ ደንቆሮ!"፣ ብርጭቆ ቢያመልጣት "እጄ ይሰበር!"። አርብ፣ በዕረፍታችን ቀን፣ ሚርቃብ ገበያ ስንገናኝ እንኳ ቀድማ የምታማልኝ ራሷን ነው።

የወሎ ልጅ ናት። እዚህ ዓረብ አገር፣ ሩማይሲያ የሚባል ሰፈር፣ አሁን ያለችበት ቤት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር የራሷ ልጅ ሒክማ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ የቤቱም ልጅ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ባለፈው ፈቃድ አገር ቤት ስትሄድ ሒክማ አያቷን "እማ"፣ እሷን "ሙንተሀ" ብላ ጠራቻት። ከዚያ ወዲህ ፈቃዷ ደርሶ ማዳም "ኢጃዛሽ ደርሷል፣ ትኬት ልቁረጥልሽ?" ባለቻት ቁጥር አልሄድም ትላለች። "በምን ፊቴ?" ትለኛለች። በዚህ ነገር ስንቴ ተጣልተናል መሰላችሁ!

ሰሞኑን ኑርሀን፣ የማዳም ልጅ፣ አንድ ጉድ ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ነው የምትማረው። ጉዱ ቪአር የሚሉት ትልቅ መነጽር ነው፤ ሲያጠልቁት ሌላ ክፍል ውስጥ ያሉ ያስመስላል። "ራሱን የሚወቅስ ሰው ለራሱ እንዲራራ ያግዛል" ብላ ለሙንተሀ አጠለቀችላት።

እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ታለቅሳለች። "አባብያት" አለች ኑርሀን። ሙንተሀ ሥራ የታዘዘች መስሏት እንደ ልማዷ በዓረብኛ "ሐቢብቲ፣ ኸላስ፣ በቃ የኔ ፍቅር፣ ምንም አላጠፋሽም" እያለች አባበለቻት።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ትንሿ ልጅ እሷ ሆነች። አንዲት ሴትዮ ከላይ ጎንበስ ብላ ያንኑ ቃል ትነግራታለች። ሙንተሀ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋችው።

"ሴትዮዋ ማን ናት?"

"አንቺ ነሽ። ቅድም ስታባብያት መነጽሩ ቀድቶሽ ነው፤ ድምፁም የራስሽ ነው።"

"ውሸት! እኔ እንዲህ ደግ አይደለሁም።"

"ታዲያ እኔን ማን አሳደገኝ?" አለች ኑርሀን።

ሙንተሀ ግራ ገባት። ይህ አንደበት የእሷ ከሆነ ለሒክማ የት ጠፍቶ ነው? "በአማርኛ ልሞክረው" ብላ መነጽሩን መልሳ አጠለቀች። ልጅቷ እንደገና ስታለቅስ ግን አፏ ተያዘ። እዚያ ቤት ያለቀሰ ልጅ ሁሉ የሚባበለው በዓረብኛ ነው፤ በአገሯ ቋንቋ ማባበል ጠፋባት። ቆይታ፣ ቆይታ፣ "አይዞሽ የኔ እናት፣ መጣሁልሽ" አለች።

ተራው ዞሮ ያው ቃል ለእሷ ሲነገራት ጮኻ አለቀሰች። ማዳም ደንግጣ ገባች። ሙንተሀ መነጽሩን ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ማዳም፣ ትኬቱን ቁረጪልኝ" አለቻት።

ትናንት "ታዲያ አሁን ራስሽን ይቅር አልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እኔ እንጃ" አለችኝ። "መጣሁልሽ ያልኩት ለሒክማ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ብቻ እንዲያ ብዬ ከቀረሁ ውሸታም መሆኔ ነው።"