ሃምሳ አለቃ ደምሴ ዝም ያሉ ዕለት

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከውትድርና ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም። ሐኪም ጋራ ላይ ሆነው ጨው ሲጠይቁ ታች ጊደር መጋላ ገበያ ያለ ነጋዴ ይመዝንላቸዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ አስቴር ችለው ችለው፣ አንድ ቀን የሠሩት ወጥ መቅጠኑን ከባላቸው ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማ፣ "አሁንስ በቃኝ!" ብለው ኤረር በር ሰፈር እህታቸው ቤት ገቡ። "ዝም ማለቱን ሳፊያ ከነገረችኝ እመለሳለሁ፤ አለዚያ ቀረሁ" የሚል መልእክትም ላኩ። ሳፊያ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ዓይኗም ጆሮዋም ከዚያ አጥር አይርቅም።

ባዶ ቤት እንዴት ይከብዳል! ሃምሳ አለቃ ጨነቃቸውና አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ለቤዛ ደወሉ። "አባዬ፣ ዮጋ ሥራ። ሰውነትንም፣ አእምሮንም፣ መንፈስንም ያጠራል" አለችና ቪዲዮ ላከችላቸው።

ጀመሩ። አቤት አጀማመር! "ግራ እግር አንሳ! ሳብ! ማን ተንፍስ አለህ፣ አንተ!" እያሉ ራሳቸውን በራሳቸው ሲያዙ ግቢው የጦር ካምፕ መሰለ። ሳፊያ ሰማች፤ ከምሳ በፊት ደግሞ አስቴር ሰሙ። "ወይ መንፈስ ማጥራት! ጭራሽ ባሰበት እንጂ" አሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አለቃ ሌላውን እርግፍ አድርገው ትተው የመጨረሻዋን የዮጋ ዓይነት ብቻ ያዙ። እሷ እንደ ሬሳ በጀርባ ተንጋሎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ምን ቢመጣ አለመነቃነቅ ናት። አንድ ማለዳ ዝንብ ቢያስቸግራቸው ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናንበው ግቢው መሐል ተዘረጉ።

ሳፊያ አየች።

"ጋሼ ደምሴ?"

ዝም።

"ኧረ አቦ፣ ጋሼ ደምሴ!"

እሳቸው መች ሳይሰሙ ቀሩ! አሁን አፌን ብከፍት እጮህባታለሁ፣ ከጮህኩ ደግሞ አስቴር ቀረች ብለው ጥርሳቸውን ነከሱ።

"ኢና ሊላሂ! ጋሼ ደምሴ ሞቱ!" ሳፊያ መንደሩን ቀወጠችው።

የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተካዮች መጡ፤ አንዱ የያዘው ብረት አምልጦት የሃምሳ አለቃ አውራ ጣት ላይ አረፈ። ወይ ጣት! እሳቸው ግን በአፍንጫ ሳቡ፣ በአፍንጫ አስወጡ። የእድሩ ዳኛ ሰለሞን ፊታቸውን ሊገልጥ ሲል፣ "ሚስት ሳትደርስ ማን ይገልጣል!" ብለው ሴቶቹ ተቆጡት።

አስቴር በባጃጅ ደርሰው ደረታቸውን እየደቁ ባላቸው ላይ ወደቁ።

"ደምስዬ! ዝም በል ያልኩህን እኔን አፌን ቁርጥ ያርገው! ወጡም ቀጠነ በለኝ፣ ቡናውም አረረ በለኝ! እባክህ አንዴ ጩኽብኝ!"

የሃምሳ አለቃ እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ። ቀስ ብለው ጋቢውን ገለጡት። ለቀስተኛው እሪ ብሎ በር በሩን ሲል፣ አስቴር ብቻ የባላቸውን አንገት እንዳቀፉ ቀሩ።

"ካልሞትክ ምነው ዝም አልክ፣ አንተ ሰው!"

"እንድትመጪ ነዋ" አሉ፣ በለሆሳስ።