ጋሽ ተክሉ ሳይወስኑት የሄዱት ነገር

የሙዚቃ አቀናባሪው ጋሽ ተክሉ አርፈዋል። ወሬው የደረሰኝ ጠዋት ወደ ስቱዲዮ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሕይወት ነበረች። «ቤቲ፣ አባዬ አልነቃም» አለችኝ። ነገሩ ስላልገባኝ፣ ትናንት ሲሠሩ ስለዋሉ ደክሟቸው ይሆናል፣ ትንሽ ይተኙ ብዬ መለስኩላት። ሕይወት፣ «ቤቲ፣ አልነቃም» ብላ ደገመችልኝ። ያኔ ነው የተናገረችው የገባኝ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ የት እንደምወርድ ጠፍቶኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። በለቅሶው ሰሞን ብዙዎቻችሁ ወደ እኔ ጠጋ እያላችሁ፣ በመጨረሻ ከአሮጌውና ከአዲሱ ፕሮግራም የትኛውን መረጡ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አብሬያቸው የምሠራው እኔ ስለሆንኩ የማውቅ መስሏችሁ ነው። አላውቅም። የማውቀውን ግን ልንገራችሁ።

ጋሽ ተክሉ የወሊሶ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት በወጣትነታቸው ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን በሆቴሎች ኪቦርድ ተጫውተዋል። ኋላ ላይ ከመድረክ ወርደው ቅንብር ያዙ። ስቱዲዮአቸው በልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ በፍራሽ ስፖንጅና በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነው። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ የሚፈልጋቸው ሰው ጠይቆ ያገኛቸዋል። ጎረቤቶች በግቢው የጋራ ቤት በርበሬ ሲወቅጡ ቀረጻ ይቆማል። ዘፋኙ ቢበሳጭም እሳቸው ማዳመጫቸውን አውልቀው፣ «ሰው ምግቡን ያዘጋጅ እንጂ፤ እኛ እንጠብቃለን» ይሉ ነበር። አንድም ቀን ወጥተው ሰው ሲቆጡ አላየሁም።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት ዘፋኝ ልሆን ነበር። ሁለት ዘፈን ካስዘፈኑኝ በኋላ ትንሽ አሰቡና፣ «ጉሮሮሽ ደህና ነው፤ ጆሮሽ ግን ከጉሮሮሽ ይበልጣል» አሉኝ። ተቀይሜ ወጣሁ። በሳምንቱ ራሳቸው ደውለው፣ የተቀረጸ ዘፈን አሰምተውኝ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። ድምፅ መቅረጽንና ማጥራትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ተክሉ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ለማሳየት ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ የእማማ ከድጃ ነገር ነው። እማማ ከድጃ አብነት ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው የሙና እናት ነበሩ። ከስልጤ አገር የመጡ፣ በወጣትነታቸው በሠርግ ላይ በዘፈናቸው የታወቁ ሴት ናቸው። እርጅናውና ሕመሙ ሲበረታባቸው ሙና ድምፃቸውን በስልኳ ቀርጻ፣ ይህን ማጥራት ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ መጣች። ጋሽ ተክሉ ሰምተው፣ ይህ በስልክ የሚሆን አይደለም፣ እሳቸውን አምጫቸው አሏት።

እማማ ከድጃ መጡ፤ ግን ብረት ፊቴ ተገትሮ አልዘፍንም አሉ። ጋሽ ተክሉም ማይኩን ከዓይናቸው አርቀው ከመጋረጃ ጀርባ አደረጉትና ዱካ ስበው ፊታቸው ተቀመጡ። ስለ ሠርጋቸው ቀን ይጠይቋቸው ጀመር። በምን ሄዱ፣ ማን ሸኛቸው፣ ማን አለቀሰ። እማማ ከድጃ እየሳቁ ሲያወሩ ቆዩና፣ ያኔ የተዘፈነውን ለማሳየት ብለው ሳያስቡት ዘፈኑ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ተከተለ። ጋሽ ተክሉ ቋንቋውን አያውቁትም፤ ቢሆንም አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ የሚያውቁት ያህል ይሰሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቀረጻ ላይ ብዙ ለፉበት። ሳሉን አወጡ፤ የድምፁን መንቀጥቀጥ አለሰለሱ፤ ከሥሩ ቀጭን የኪቦርድ ድምፅ አነጠፉለት፤ ድምፁ በሰፊ አዳራሽ የሚዘፈን እንዲመስል አደረጉት። እማማ ከድጃ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሙና ቀረጻውን በስልኳ ይዛ ሱቋ ውስጥ ትሰማው ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ጋሽ ተክሉ ይህንና ሌላውንም ሥራቸውን ሁሉ የሠሩት በአንድ አሮጌ የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ከተዉት ቆይተዋል፤ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። የሚሠራበት የሳቸው ኮምፒውተር ደግሞ በየመሃሉ ቀጥ እያለ ስታክ ማድረግ ጀምሮ ነበር። በዚህ መሃል ናትናኤል የሚባል የአብነት ሰፈር ወጣት ዘፋኝ ሥራ ሊያሠራ መጣ። ማሲንቆ የሚጫወትለት ጓደኛው በሌላ ቦታ ሆኖ መቅረጽ ፈለገና የኛን ፋይል መክፈት አቃተው። ናትናኤል በትሕትና፣ ጋሽ ተክሉ፣ አሁን እኮ ሁሉም ሰው ወደ አዲሱ ሄዷል አላቸው። ሕይወትም ሰማችና አዲስ ኮምፒውተር ከነአዲሱ ፕሮግራም አመጣችላቸው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ የጋሽ ተክሉም ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቦታ ሆነ።

ጠዋት እንሻገር ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አሮጌው ጋ ተመልሰው እናገኛቸዋለን። «እጄ የሚያውቀውን እንዲረሳ አታስገድዱት» ይሉናል። የጥንት ጓደኛቸው፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጋሽ አሰፋ በመጡ ቁጥር፣ በዚህ ዕድሜ ምን አዲስ ነገር ያስነካሃል እያሉ ያሾፉባቸዋል። የዚያን ዕለት ተናደው እስከ ማታ አዲሱ ጋ ይቀመጣሉ። እኔንም ጠየቁኝ። ብንሻገር ይሻላል፣ አሮጌው አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም አልኳቸው። «እኔም መሞቴ አይቀርም፤ እሱ ምክንያት አይሆንም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያልፈው ጥሬው ድምፅ ብቻ ነው። በድምፁ ላይ የተሠራው ማሳመር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጋሽ ተክሉ መሞከሪያ እንዲሆን የመረጡት የእማማ ከድጃን ቀረጻ ነበር። ለምን እሱን እንደመረጡ አልነገሩኝም። አሻግረን ሰማነው። ሳሉ አለ፤ መንቀጥቀጡ አለ፤ እማማ እጃቸውን ሲያነሱ አምባራቸው ሲጋጭ ይሰማል። ጋሽ ተክሉ ማዳመጫቸውን አወለቁና፣ «ድምፃቸው መጥቷል፤ እማማ ግን አልመጡም» አሉ። ቀጥሎም የቀረጻው ባለቤት ትፍረድ ብለው ሙናን አስጠሯት። የጠፋውን ነገር እሷም ሰምታ እንድትመሰክርላቸው የፈለጉ ይመስለኛል።

ሙና ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች። መጀመሪያ የምታውቀውን አሰማናት። ቀጥሎ ጥሬውን ከፈትኩት። ሳሉ ሲሰማ ሙና ሻሿን ወደ አፏ ወሰደች። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይቺ ናት» አለች። «ቤት ውስጥ ስታስል እንዲህ ነበር። እስከዛሬ ይሄን ለምን አልሰጣችሁኝም?»

የጠየቀችው ቅር ብሏት አልነበረም፤ የምሯን ማወቅ ፈልጋ ነው። ጥሬውን ስልኳ ላይ ጫንኩላት፤ አመስግናን፣ የጋሽ ተክሉን እጅ ስማ ሄደች። ከሄደች በኋላ እሳቸው ጥሬውን እንደገና ከፍተው ሰሙት። ከዚያ፣ «ታዲያ እኔ ሳሳምር የኖርኩት ማንን ነው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ከእሳቸው የተማርኩት እኮ ያንኑ ማሳመር ነው። እሳቸው ግራ ሲገባቸው እኔ የምቆምበት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የፕሮግራሙ ጉዳይ የፕሮግራም ጉዳይ መሆኑ ቀረ። የድሮ ሥራዎቻቸውን እያወጡ፣ በድምፁ ላይ የደረቡትን አንድ በአንድ እየገፈፉ ጥሬውን መስማት ያዙ። አንዳንዱን ሰምተው፣ ይሄን ሳልነካው መተው ነበረብኝ ይላሉ። ሌላውን ሰምተው ይስቁና፣ «ይሄንንስ ባልነካው ኖሮ እናቱም አትሰማውም ነበር» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነበር። በየትኛው ሕግ እንደሚሄዱ ግን ማግኘት አልቻሉም። የሚገቡትን ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። የግቢውን ጥበቃ ሳይቀር አስቀምጠው ሁለት ዓይነት ዘፈን አሰምተውታል። ጥበቃው ሁለቱም አንድ ናቸው አላቸው። በዚያ ቀን ይበልጥ ተምታታባቸው።

በመጨረሻው ቀን እንደደረሱ አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡና፣ ዛሬ ተማሪሽ ነኝ፣ ከሀሁ ጀምሪልኝ አሉኝ። የናትናኤልን ዘፈን ከፈትን። ማውሱን ሲይዙ እጃቸው የለመደውን ቦታ እየፈለገ ይሳሳት ነበር፤ አልተበሳጩም። አዲሱ ፕሮግራም የኪቦርዱን አንዷን ድምፅ ብቻ ለይቶ ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ከፍ ማድረግ እንደሚችል አሳየኋቸው። በአሮጌው ይህን ለማድረግ ብዙ ይለፉ ነበር። የአንቺሆዬን ቅኝት ቃኙበትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ደጋግመው ተጫወቱት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ መግለጽ ይቸግረኛል። ወሰኑ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ግን ተነሥተው አሮጌው ጋ ሄዱና ያንኑ ዜማ እዚያ ተጫወቱት። ያም አስደሰታቸው።

«ሁለቱንም ሳታጠፊ ተዪአቸው» አሉኝ ሊወጡ ሲሉ። «ነገ ናቲም ሙናም ይምጡና፣ አብረን ሰምተን እንወስናለን።»

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ በማግሥቱ የተሰበሰብነው ድንኳን ውስጥ ነው። ጋሽ አሰፋ እያለቀሱ፣ ተክሉ ከአሮጌው ንቅንቅ እንደማይል በስልክ ነግሮኛል አሉ። ናትናኤል ቀበል አድርጎ፣ ለእኔ ተሻግሬያለሁ፣ አንተም አጥናው ነው ያሉኝ አለ። ሕይወት ሁለቱንም አየቻቸው። ለእሷ የነገሯት፣ ሁለቱንም ትቼ ወደ ኪቦርዴ እመለሳለሁ የሚል ነበር። እያንዳንዱ የሰማውን ሊምል ደረሰ። ድምፅ ከፍ ሲል ሕይወት፣ እባካችሁ ዛሬ እንኳን ይረፍ አለች። እኔ የሁሉንም አመንኩ። ጋሽ ተክሉ አይዋሹም። ለእያንዳንዳቸው ሲነግሩ የዚያን ሰዓት ሐሳባቸው ያ ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ሕይወት ስቱዲዮው እንዳይዘጋ፣ እኔም እንድቀጥል ጠየቀችኝ። የናትናኤልን ዘፈን በአዲሱ ጨረስነው፤ ማሲንቆውም ገባበት። ናትናኤል ሊጀምር ሲል የሚስባት ትንፋሽ አለች። ጋሽ ተክሉ ድሮ ቢሆን ያወጧት ነበር። እኔ ተውኳት። ዘፈኑን በሰማሁት ቁጥር እዚያች ትንፋሽ ላይ እቆማለሁ፤ ትክክል መሆኔን አላውቅም።

በቅርቡ ሙና ተመልሳ መጣች። ጥሬውን በወሰደች ጊዜ የድሮውን ከስልኳ አጥፍታው ኖሯል። አሁን እሱንም ትፈልገዋለች። ጥሬውን ወደሽው አልነበር ወይ አልኳት።

«ያኛው እናቴ ናት» አለችኝ። «ይሄኛው ደግሞ ጋሽ ተክሉ እናቴን ሲያከብሯት ነው። ሁለቱንም ስጪኝ።»

አሮጌውን ኮምፒውተር አበራሁት። ፕሮግራሙ ሊከፈት ሲል ስታክ አደረገ። ሁለታችንም ዓይናችንን ከስክሪኑ ሳንነቅል ጠበቅን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተከፈተ፤ እማማ ከድጃም በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ሳል በሌለው ድምፃቸው ዘፈኑ። ሙና አለቀሰች። ቅጂውን ይዛ ስትወጣ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

ጋሽ ተክሉ፣ ሙና «ሁለቱንም» በምትል በዚያች አንድ ቃል የመለሰችው እርስዎን ያስጨነቀዎትን ጥያቄ መሰለኝ፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ቀረጻ ከፍቼ እንደገና ግራ ገባኝ። የቱን ልተው፣ የቱን ልንካ? እንዲህ ሲሆንብኝ ዞር ብዬ የምጠይቀው እርስዎን ነበር። እርስዎም አያውቁትም ነበር፤ አብረውኝ ግን ይሰሙ ነበር። የጎደለኝ እሱ ነው። ከእንግዲህ ይምረጡ፣ ይወስኑ ብሎ የሚያስጨንቅዎ የለም። አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የተዉልንን ሥራ እየሠራን፣ እየተሳሳትንም እንቆያለን። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።