ጮኸን ያላለቀስንላት

ትናንት ዕቃ ሳጥብ የድስት ክዳን ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተሽከረከረ። ሊቆም ሲል እየተንቀጠቀጠ የሚያሰማውን ያን ቀጭን ድምፅ ስሰማ እጄ ከነአረፋው ቀረ። ለካ ድምፅም እንደ ሽታ ሰውን ይዞ ይሄዳል፤ እኔን ሀና ማርያም ሰፈር አደረሰኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን ወደኖርንበት ዘመን።

ያኔ ገና ወጣቶች ነበርን። እሷ ሹሩባ ትሠራ ስለነበር እጇ ሁልጊዜ የራስ ቅባት ይሸታል። ባሏ ጥሏት ሲሄድ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ሐኪሙ "ኦቲዝም ነው" ብሏታል። ልጅቷ አትናገርም፤ የድስት ክዳን ማሽከርከር ትወዳለች፤ ጩኸት ግን ያሳብዳታል። ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ወይም ጎረቤት ሲጣላ እናቷ የያዘችውን ጸጉር ትታ ትሮጥና በሁለት መዳፎቿ ጆሮዋን ትሸፍንላታለች። "ጠበል አልወሰድሻትም?" ሲሏት ትስቅ ነበር።

"ወስጃታለሁ እኮ። ጠበሉን ወዳዋለች፤ የጠላችው ጩኸቱን ነው።"

ጓደኛዬ ታመመች፤ ብዙም ሳትተኛ ሞተች። እንዲህ ሲወራ ቀላል ይመስላል። አልነበረም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። በሸራው የሚገባው ብርሃን የሁሉንም ፊት ቢጫ አድርጎት ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣችው ታላቅ እህቷ "እህቴን! እህቴን!" እያለች ደረቷን ስትደቃ ሴቱ ሁሉ ተከትሎ ጮኸ። ልጅቷ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ገብታ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ጀመር።

"ሌላ ቦታ ትወሰድ፤ ሀዘኑ እስኪያልቅ አትምጣ" አለች እህትየዋ።

ደሜ ፈላ። "የሞተችው እናቷ ናት! እሷ ከምትሄድ እኛ ዝም እንበል።"

"እህቴ ውሻ ናት ዝም የሚባልላት?"

እውነቷን ነበር። በእኛ አገር ያልተጮኸለት ሰው ያልተወደደ ይመስላል። እኔም ብጮኽላት እወድ ነበር። ያስታረቁን አከራያችን ናቸው፤ ከተቀመጡበት ጥግ ሆነው "በሉ ልጆቼ፣ በሆዳችን እናልቅስ። ሟች ብትኖር የልጇን ጆሮ ነበር የምትይዘው" አሉ።

ከዚያ ተነሥተው የግቢው በር ላይ ቆሙ። እየጮኸ የሚመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያስገቡት ጀመር። ሰዉ ግራ እየተጋባ፣ ነጠላውን እየነከሰ ይቀመጣል። እህትየዋም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ክዳኗን ይዛ ወጣች። መሀላችን ቁጭ ብላ አሽከረከረችው። ድንኳን ሙሉ ሴት፣ ክዳኑ እስኪቆም ድረስ ያንን ድምፅ አዳመጠ።

ከሠልስቱ በኋላ እህትየዋ ስትሰናበተኝ "አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ከአንቺ ጋር ትሁን" አለችኝ።

ይኸው አሁን ለቡ ነው የምንኖረው፤ ቁመቷም በልጦኛል። ትናንት ክዳኑ ሲቆም ያኔ የዋጥኩት ለቅሶ ድንገት አመለጠኝ። እንደ እብድ ጮኽኩ። ልጅቷ አልጋ ሥር ልትገባ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ግን አልቆም አለኝ። እሷ ከክፍሏ ወጥታ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። ከዚያም የራሷን ሳይሆን የእኔን ጆሮ በሁለት መዳፎቿ ሸፈነችልኝ።