የይሁዳ ሁለተኛ ዓይን

ጎባ ካለው የሴቶች ገዳም ስገባ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። የጥንቱን የግድግዳ ሥዕል «አደስነው» ብለው የሱቅ በር በሚቀባበት ቀለም ለቅልቀውታል።

ልጅ ሳለሁ አንዲት መነኩሲት እዚሁ ሥዕል ፊት አቁመውኝ ነበር። ሐዋርያቱ ማዕድ ከበው በሁለት ዓይናቸው ያዩኛል፤ ዳር ላይ ያለው ግን ፊቱን አዙሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«እማሆይ፣ እሱ ለምን አንድ ዓይን ሆነ?»

ጧፍ በሚሸት እጃቸው አገጬን ያዙ። «ይሁዳ ነዋ! ለከሃዲ ሙሉ ፊት አይሣልለትም። እሱን እንዳትሳለሚ፣ ልጄ።»

ዛሬ ይሁዳም ሁለት ዓይን አውጥቶ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

«አማረ አይደል?» አለኝ የገዳሙ ዘበኛ።

በዚህ መሃል አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ከፍ አደረገችውና ይሁዳን አሳለመችው።